በሁዳዴ ደም የሚሞላ ምግብ

የካቲት 14፣ ዓርብ

«ታካሚዋ የማሕፀን ዕጢ አለባት። ደሟ አነስተኛ በመሆኑ ቀዶ ጥገና አትችልም። ለዚህ የበቃችው በቤተሰብ ቸልተኝነትና በተመጣጠነ ምግብ እጥረት ነው። ጉበት፣ ቀይ ሥጋ፣ እንቁላል፣ ዓሣ፣ አትክልትና ፍራፍሬ እንድትመገብ ተመክራለች። ሄሞግሎቢን አሥር ሲሞላ ትመለስ።»

ቃል በቃል የገለበጥኩት ነው። ሐኪሙ ይህን ሲጽፍ አንዴም ቀና ብሎ አላየኝም። ወረቀቱን አጥፎ ሰጠኝ፤ ያነበብኩት ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ውስጥ ሚኒባስ ስንጠብቅ ነው። ተመልሼ ልሄድበት ተነሣሁ። ጥሩሸዋ የጋቢዬን ጫፍ ይዛ «ተቀመጥ፤ መኪናው ይሞላብናል» አለችኝ።

ቸልተኝነት! ሚስቴን! እኔ ግማሽ ዕድሜዬን የዚህን አገር ልጆች ባዮሎጂ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ። ኃይል ሰጪ፣ ገንቢ፣ በሽታ ተከላካይ እያልኩ ሰሌዳ ላይ ከፋፍዬ ያላስተማርኩት ክፍል የለም። ያ ሐኪም ራሱ የተማረው እንደኔ ካለ መምህር ነው።

ዓሣ ይላል። እኛ አገር መሐል ሜዳ ላይ ዓሣ።

መንገድ ላይ ጥሩሸዋ «ምን አለ?» አለችኝ። ደምሽ እስኪሞላ ሥጋ ብዪ ነው ያለው አልኳት። ጣርማ በር ጉሙ ውስጥ ስንገባ፣ «ከሰኞ በፊት ነው ወይስ ከሰኞ በኋላ?» ብላ ጠየቀችኝ።

ሰኞ ሁዳዴ ይገባል።

የካቲት 16፣ እሑድ፣ ቅበላ

ጉበት አመጣሁ። ሁለት ጉርሻ በላችና «ይህን ሁሉ ዛሬ አስገብተህ ልትጨርስ ነው?» ብላ ሳቀች። የደም ብረት እንደ እህል በአንድ ቀን ጎተራ አይከተትም አልኳት።

«እንግዲያ ምን ያስጨንቅሃል? ነገ ማቆሜ ነው።»

ታናሽ እኅቷ ይዘንጋሽ ልታስታምማት ከመንደሯ ከቀየት መጥታለች። የተረፈውን ሥጋ ዘልዝላ ለፋሲካ ይሆናል ብላ ቋንጣ ሰቀለችው። የፍስክ ድስቶቹን በአመድ ፈትጋ ቆጥ ላይ አወጣቻቸው።

መገርጣቷን መጀመሪያ ያየሁት መቼ ነው? መስከረም ላይ ይመስለኛል። ነጠላዋን ስለምትከናነብ ነው ያልለየሁት። ብርድ ነው ትል ነበር፤ ብርድም ነበረ።

የካቲት 17፣ ሰኞ

አልበላችም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃም አልቀመሰችም። ተጣላን። እኔ ጮኽኩ፤ እሷ አልጮኸችም።

«ስማኝ ምንተስኖት» አለችኝ። «ይህ ደም ከመጣብኝ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ገብቼ አላውቅም። ከቅጥሩ ውጭ፣ ከጽዱ ሥር ቆሜ ነው የማስቀድሰው። አልቆረብኩም። መስቀል አልተሳለምኩም። የቀረኝ ጾሙ ነው። ጾም ቅጥር የለውም፤ ማንም ውጪ አይለኝም። እሱን ከወሰድክብኝ ምን ይዤ ልሙት?»

ስለ መሞት ማን አነሣ? አልኳት። ስለ ምግብ ነው የምናወራው።

ሄሞግሎቢኗ ሰባት ነጥብ ስምንት ነው። አሥር ያስፈልጋል። ይህንንም ነገርኳት። ቁጥር እንደማይሰማ ሰው አየችኝ።

የካቲት 19፣ ረቡዕ

የንስሐ አባቷ ዘንድ ሄድኩ። አባ መርስዔ ኃዘን አጥር ላይ ድንጋይ ሲክቡ አገኘኋቸው።

«አባ፣ ይፍቱልኝ» አልኳቸው።

«ፈትቻታለሁኮ! ሕመምተኛ ጾም አይጸናበትም፤ ብዪ ብያታለሁ። እኔ ብፈታት እሷ አልፈታ አለች።» ድንጋዩን አገላብጠው አዩትና አስቀመጡት። «ጾም በግድ አይጾምም፤ በግድም አይፈታም፤ መምህር አይደለህ እንዴ?»

ፈትቻታለሁ ብለዋል። በገዛ አፋቸው ነው ያሉት። ይህን ይዤ ተመለስኩ።

የካቲት 22፣ ቅዳሜ

እሺ። በጾም ምግብ ደም አይሞላም ያለ ማነው? ሦስት ቀን ተቀምጬ ሠራሁት። በጸጥታው ችግር ትምህርት ከተቋረጠ ወዲህ ክፍል የለኝም፤ ጊዜ አለኝ።

ዋናው ምስርና ባቄላ ነው። ባቄላው በቆልት መሆን አለበት፤ ሲበቅል ውስጡ ያለው ብረት ለሰውነት ይቀላል። ተልባ በየቀኑ። ጎመን፣ ቆስጣ፣ ቀይ ሥር ከተገኘ። በሁሉም ላይ ሎሚ ይጨመቃል፤ የእህል ብረት ያለ ሎሚ ገብቶ መውጣት ነው። እንጀራው ከጤፍ። ከምግብ ጋራ ሻይ ፈጽሞ አይጠጣም፤ ብረቱን ይዞት ይወጣል። የጾም ራስ ምታቷን የምታስታግሰው በሻይ ነው፤ እሱ ቀርቷል። ሐኪሙ ያዘዘላትን የብረት ክኒን ከምግብ ጋራ። ይህን ሁሉ በየቀኑ ከፋፍዬ፣ በትልቅ ወረቀት ጽፌ ጓዳ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት።

ይዘንጋሽ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አየችው። «ጋሼ፣ ወጡንም ሊፈትኑት ነው? ወድቆ ቢገኝ ይደግማል?»

«አንቺ ሥሪ እንጂ አትቀልጂ።»

«የመንዝ ወንድ ጓዳ የሚገባው በጉ የጠፋበት እንደሆነ ነው ሲባል እሰማ ነበር። ምን ጠፋብዎት?»

ጥሩሸዋ ከመደቡ ላይ ሆና ሳቀች። «ተይው፤ እንደዚህ ተጨንቆልኝ አያውቅም» አለች። ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም። ሁልጊዜ እጨነቃለሁ። «እንጀራውን ግን የገብስ አድርጉልኝ፤ እኔ በገብስ ነው ያደግሁ» አለች። ገብስ ጉልበት ነው፤ ደም ሌላ ነገር ይፈልጋል ብዬ አስረዳኋት።

በዘጠኝ ሰዓት በቆልቱ ቀረበ። ስትበላ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ከዚህ በፊት ስትበላ ተቀምጬ አይቻት አላውቅም፤ እኔ በልቼ ስነሣ ነው እሷ የምትቀርበው፤ የሁሉም ቤት ልማድ ነው። ጥቂት ቀማምሳ ሳህኑን ወደኔ ገፋችው። «ብላው፤ አንተም ከስተሃል።» እንዳይባክን ብዬ በላሁት።

የካቲት 26፣ ረቡዕ

መንገዱ ተዘጋ። መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅ የለም። ስልክም የለም። ከቆላ የሚወጣ ሎሚ የለም፤ ቆስጣ የለም። ገበያው ላይ ያለው ገብስ፣ ባቄላ፣ ድንች፣ ነጭ ሽንኩርት። ድንች በሎሚ ምትክ ጥቂት ይረዳል፤ ሳይላጥ ይቀቀል ብዬ ነበር። ይዘንጋሽ ልጣ ቀቀለችው። ጮኽኩባት። አኩርፋ የዘጠኝ ሰዓት ምሳዋን ሳትበላ ዋለች።

ለሆስፒታሉ አቤቱታ ጀምሬያለሁ። «ቸልተኝነት» የምትለዋ ቃል ትሰረዝልኝ ነው የምለው። የሚወስደው መኪና ሲገኝ እልከዋለሁ።

የካቲት 29፣ ቅዳሜ

ጤና ጣቢያው ላቦራቶሪ ምሥራቅ አለች፤ ተማሪዬ ነበረች። ጥሩሸዋን ለካቻት። ሰባት ነጥብ አራት።

ወርዷል! ዕቅዱ እያለ ወርዷል!

ክኒኑን ያስመልሳታል። ቀኑን ሙሉ ባዶ ሆዷን ውላ ስትውጠው ምን ይሁን? ምግቡንም ሁለቴ ጠቅልላ ትተዋለች። «ምላሴ እንጨት ሆኗል፤ ምንም አይጥመኝ» ትላለች። ዕጢው ደግሞ ደሟን ያፈሳል። እኔ በማንኪያ እጨምራለሁ፣ እሱ በባልዲ ይቀዳል።

ገበያ ላይ ሁለት ሰዎች ከኋላዬ ሲያወሩ ሰማሁ። «ሚስቱን በመጽሐፍ ነው አሉ የሚቀልባት።» «ታዲያ መጽሐፍ ያጠግባል?» ሳቁ። ዞር አላልኩም።

መጋቢት 2፣ ማክሰኞ

ዕቅዱ ላይ አንድ ማሻሻያ አድርጌያለሁ። ይዘንጋሽን ወደ ልጆችሽ ሂጂ ብዬ ወደ ቀየት ሸኘኋት። ሽሮውን ከዛሬ ጀምሮ የምሠራው እኔ ነኝ።

ስትሰናበት ቀና ብላ አየችና «ጋሼ፣ የሰቀልኩት ቋንጣ ወዴት ገባ?» አለችኝ። አይጥ ነው አልኳት።

አባ መርስዔ ኃዘን ፈትተዋታል። የተፈቀደ ነገር ነው።

መጋቢት 7፣ እሑድ

ሙሉ ሳህን በላች። ሙሉ! ጠርጋ በላች። በርበሬውንና ነጭ ሽንኩርቱን አብዝቼበታለሁ፤ ደቁሼ ደቁሼ፣ በወንፊት ነፍቼ፣ እንደ ሽሮው ራሱ አልሜዋለሁ። በምላስ የሚለይ ነገር የለውም።

«ምን አርገህበት ነው እንዲህ የጣመ?»

«ነጭ ሽንኩርቱ ነው።»

ጣቷን እየላሰች፣ «በጾም እንዲህ መጣፈጥ ነውር አይሆንም?» አለች። ከዚያ አማተበች። «እግዜር ነው። ምላሴን የመለሰልኝ እሱ ነው። ተመስገን።»

ድመቷ አስቸገረችኝ። በሁዳዴ ጓዳ ዞር ብላ አታውቅም፤ አሁን ከሳህኑ ሥር አትጠፋም። አባረርኳት።

መጋቢት 15፣ ሰኞ

ስምንት ነጥብ ሦስት! ምሥራቅ ሁለት ጊዜ ለካችው። «ጋሼ፣ ምን አበሏት?» አለችኝ። ዕቅድ አልኳት። «ለኛም ይስጡንና ለእርጉዞቹ እንለጥፈው።» እሺ አልኩ። ግድግዳው ላይ ያለውን ነው የምሰጣት። እሱም ቢሆን ትክክል ነው።

ክኒኑንም ከምግቡ ጋራ ውጣ አያስመልሳትም። በዚህ አያያዝ እስከ ዳግማዊ ትንሣኤ አሥር ትገባለች።

ወደ ቤት ስንመለስ የጎረቤታችን የትምወርቅ ሕፃኗን አቅፋ በር ላይ አገኘችን። ታጠባለች፤ መጾም አለመጾሟን ከራሷ ጋራ ስትሟገት ነው የሰነበተችው። ጥሩሸዋ ክንዷን ይዛ «ጾሙ ነው ያዳነኝ፤ እዪኝ እስቲ! አንቺም አትፍሪ፤ ጹሚ» አለቻት። ፊቷ ወዝ ነበረው። እንዲህ ቆማ ስታወራ ካየኋት ስንት ጊዜዬ ነው?

የትምወርቅን ጠርቼ የምታጠባ ሴት መብላት አለባት ልላት ይገባኝ ነበር። ነገ እነግራታለሁ።

በሐኪሙ ላይ የጀመርኩትን አቤቱታ አሳምሬ ጻፍኩት። ስምንት ነጥብ ሦስት የሚለውን ከነቀኑ አስገባሁበት። ቸልተኛ ሰው ይህን ያደርጋል?

መጋቢት 19፣ ዓርብ

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ሽሮውን አቀረብኩላት። ድመቷ መጣች። ላባርራት ስነሣ ጥሩሸዋ «ተዋት» አለች። ድመቷ ጭኗ ላይ ወጣች። ጥሩሸዋ ከሽሮው በጣቷ ጠንቁላ አቀረበችላት፤ ላሰች። ደግማ ሰጠቻት፤ ላሰች። ሳህኑን ትኩር ብላ አየችው።

«ይች ድመት ሽሮ በልታ አታውቅም» አለች ቀስ ብላ።

ተነሥታ ጓዳ ገባች። ሙቀጫውን አንሥታ ስታሸት በበሩ አየኋት። ስትመለስ አፏን በነጠላዋ ይዛ ነበር።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ደምሽ እኮ ጨምሯል…»

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያልኩህ።»

«አባ ፈትተውሻል። በገዛ አፋቸው…»

«አንተን ነው የጠየቅሁህ።»

ከመጋቢት ሁለት አልኳት።

መደቡ ላይ ተቀመጠች። «ምኩራብ» አለች። «መጻጉዕ። ደብረ ዘይት።» ሳምንታቱን እንደ ሙት ስም አንድ በአንድ ጠራቻቸው። «እኔ እኮ እግዜር ጣዕም ሰጠኝ ብዬ አመሰገንኩ። በሥጋ አፌ ዳዊት ደገምኩ። የትምወርቅን ጹሚ አልኳት።»

ስለ ጤናሽ ነው አልኳት። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ፤ ድመቷ ወረደች። ጥሩሸዋ ሳህኑን አንሥታ መሬት ላይ አስቀመጠችላት። ከዚያ ወዲህ አላናገረችኝም።

ትክክለኛውን ምግብ በትክክለኛው መጠን ሰጥቻለሁ። ውጤቱ በቁጥር ታይቷል። ለዚህ ለማንም መልስ የምሰጥ ሰው አይደለሁም።

መጋቢት 22፣ ሰኞ

ከእጄ አትቀበልም። ውኃውንም ራሷ ትቀዳለች። ማታ ላይ ገብሷን ራሷ ቆልታ እፍኝ ትቆረጥማለች፤ ሌላ የለም። ቤቱ ውስጥ የሚሰማው የቆሎው ድምፅ ብቻ ነው።

ዕቅዱ ላይ ቆሎ የለም!

ከቅጥሩ ውጭ ትሰግዳለች አሉኝ። ሄጄ ከሩቅ አየሁ። ስትወድቅ ቀላል ነው። ስትነሣ የጽዱን ግንድ ይዛ፣ ቆይታ፣ እንደገና። የምትደማ ሴት! ልጠራት አፌን ከፈትኩ። ሰዎች ነበሩ።

መጋቢት 25፣ ሐሙስ

ይዘንጋሽ ሰምታ መጣች። በሩ ላይ ሆና፣ «አይጥ አሉኝ ጋሼ! ባለ ዲግሪ አይጥ!» አለችኝ። ጥሩሸዋ ግን የእኅቷንም ምስር አልቀመሰችም። ከዚህ ቤት ድስት የወጣ አልበላም ብላለች።

አባ መርስዔ ኃዘን በከሰዓት መጡ። ብዙ አነጋገሯት። ሳታውቂ የበላሽው አይቆጠርብሽም አሏት። «ያልጾምኩትም አይቆጠርልኝም፤ አባቴ» አለች። «ቀኑ ሳያልቅብኝ ልተካው።»

ወጥተው አጥሩ ጋ ሲደርሱ ያዝኳቸው። «እርስዎ ፈትቻታለሁ ብለውኝ ነበር!»

«ብዬ ነበር። እሷን ነው የፈታሁት፤ አንተን መቼ ላክሁህ? እኔ በሩን ከፈትኩላት። አንተ በጓሮ ገብተህ ሰረቅሃት።»

እንዲህ ተብዬ አላውቅም። ለአንድ ቄስ የምመልሰው አላጣም ነበር። እጃቸውን ይዤ «ምን ላድርግ?» አልኳቸው።

«ጠይቃት። አንዴም ጠይቀሃት ታውቃለህ? ምን እንደምትበላ ነግረሃታል እንጂ።»

መጋቢት 28፣ እሑድ

ትናንት ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ወደቀች። የትምወርቅና ይዘንጋሽ ደግፈው አመጧት። ደሙ በዝቷል። ምሥራቅ እሑድ ሳትል ቤት ድረስ መጥታ ለካቻት። ቁጥሩን አልነገረችኝም፤ ወረቀቱን አዙራ አሳየችኝ። ስድስት ነጥብ ስድስት።

ውጭ ወጥተን፣ «ጋሼ፣ ያን የመሰለ ዕቅድ ለምን አቆማችሁት?» አለችኝ። ወረቀቱን ተቀብዬ አጠፍኩት። «ከዚህ ከወረደች ልቧ ነው የሚደክመው። መንገዱ ቢከፈት ደም የሚሰጣት ቦታ በወሰድናት። እስኪከፈት ትብላ። ምንም ይሁን፣ የምትወደውን ትብላ።»

የምትወደውን። የምትወደው ምን እንደሆነ አሁን ስጽፍ ፈልጌ አጣሁት። እኔ የምወደውን ታውቃለች። የገብስ እንጀራ ብላኝ ነበር።

መጋቢት 30፣ ማክሰኞ

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ውላለች። ሁለት ጊዜ «ጥሩሸዋ» አልኳት። ነጠላዋን ወደ ላይ ሳበችው። ሦስተኛ ጊዜ ስላት ተነሥታ ልትወጣ ሞከረች፤ እግሯ አልያዛትም። ከቤት የወጣሁት እኔ ነኝ።

አፌን ስከፍት የምትሄድ ከሆነ አልናገርም።

ሚያዝያ 1፣ ረቡዕ

ማንበብ ታውቃለች፤ ዳዊቷን ከመጽሐፉ ነው የምትደግም። ጽፌ ትራስጌዋ አኖረዋለሁ። ረቂቁ ይህ ነው፤ ንጹሕ አድርጌ እገለብጠዋለሁ።

ለወይዘሮ ጥሩሸዋ ወዳጆ
ባለችበት

ጉዳዩ፦ ምግብን ይመለከታል።

ከመጋቢት 19 ጀምሮ በዚህ ቤት የተሠራ ምግብ አልተቀበልሽም። ይህ መብትሽ መሆኑን አምናለሁ። ሆኖም ስድስት ነጥብ ስድስት ደም ይዞ መቀጠል አይቻልም፤ ይህን ምሥራቅም ታረጋግጥልሻለች።

ስለዚህ የሚከተለውን አቀርባለሁ። እኔ ጓዳ አልገባም። በሩም ላይ አልቆምም። ሙቀጫውን አውጥቼዋለሁ፤ ያረከስኳቸውን ድስቶችም በሙሉ፤ አባ መርስዔ ኃዘን ከቤታቸው የጾም ድስት አውሰውናል፤ ጸሎት አድርገውበታል። ይዘንጋሽ ትሥራ። አልጋሽን ምድጃው አጠገብ እናደርገዋለን፤ ከባቄላው ጥሬ ጀምሮ እስኪወጣ ድረስ በዓይንሽ እያየሽ ይሠራ። እንጀራው የገብስ ይሁን። ዕቅዱን ከግድግዳው ላይ ቀድጄዋለሁ። ሻይም ከፈለግሽ ጠጪ።

የወሰድኩብሽን ሳምንታት መመለስ አልችልም። ቢቻል ኖሮ እመልስ ነበር። ስግደቱን ግን ለኔ ተዪው። አባን ጠይቄ በኔ ላይ አድርገውታል፤ ትናንት ከጽዱ ሥር ጀምሬያለሁ። ሰው አይቶኛል፤ ይይ። ጉልበቴ ደኅና ነው።

ከሆሳዕና በኋላ ሕማማት ይገባል። በሕማማት እህል እንደማትቀምሺ፣ አክፍሎት እንደምትይዢ አውቃለሁ፤ በደኅናሽ ጊዜም እንዲሁ ነበርሽ። ዘንድሮ ያንን ብትጀምሪ አትጨርሺውም። ይህን የምጽፈው ላስፈራራሽ አይደለም። ፈርቼ ነው።

የምትወጂው ምግብ የትኛው እንደሆነ አላውቅም። ይህንንም ብትጽፊልኝ ይዘንጋሽ ታዘጋጀዋለች። ካልፈለግሽ እሱን ተዪው።

ዋናውን ግን መልሺልኝ። ልታናግሪኝ አትገደጂም፤ ወደኔም አትዪ። መልስሽን በጽሑፍ፣ እስከ ቅዳሜ ሚያዝያ 4 ቀን ዘጠኝ ሰዓት ድረስ እንድትሰጪኝ አጥብቄ እጠይቃለሁ። «እበላለሁ» የምትል አንዲት ቃል ትበቃለች። ፊርማ አያስፈልግም፤ ጽሕፈትሽን አውቀዋለሁ።